ወጌሻ፣ ፊዚዮቴራፒስት ወይስ አሰልጣኝ? የተጎዳ ስፖርተኛን ማከም ለሚፈልጉ የሰሜን ሸዋ ተማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ዓመት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወገባቸውን የሚያማቸውን አባቱን ይዞ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥቶ ነበር። አባትየው አልጋው ላይ ተኝተው ሳለ ልጁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጡንቻ ሥዕል ሲመለከት ቆየና «ጋሼ፣ እኔም ወጌሻ መሆን እፈልጋለሁ፤ የት ነው የሚማሩት?» ሲል ጠየቀኝ። ባጭሩ ልመልስለት አስቤ ነበር፤ አልሆነም። «ወጌሻ» የሚለው ቃላችን እጅግ ሰፊ ነው። መንደር ውስጥ ውልቃት የሚመልሱትና ስብራት የሚያስሩት አዛውንት ይጠሩበታል፤ የኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» ሲል ደግሞ ቦርሳ ያነገተውን ሰው ማለቱ ነው። ያ ቦርሳ ያነገተ ሰው ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት (የተጎዳ ሰውነትን በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚያክም የጤና ባለሙያ)፣ የቀድሞ ተጫዋች ወይም የአሰልጣኙ የቅርብ ዘመድ ሊሆን ይችላል።

ልጁ በስልኩ ሲያነብ «አትሌቲክ ትሬይኒንግ» የሚል ሌላ ስም አግኝቷል። የስልኩ መተርጎሚያ ይህን «የአትሌቲክስ ስልጠና» ብሎ ስለሰጠው፣ ሙያው ሯጮችን በሰዓት እየለኩ ማሠልጠን መስሎት ነበር። የተሳሳተው እሱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ስም ምክንያት ማከም እየፈለጉ ማሠልጠን ሊማሩ የገቡ ልጆችን አውቃለሁ። ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበርና ከሌሎችም የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ተነሥተው የተጎዳ ስፖርተኛን ለማከም ለሚያስቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው።

## ስሙ የሚያሳስተው ሙያ

በአሜሪካ አትሌቲክ ትሬይነር የሚባለው ሰው ሯጭ አያሠለጥንም፣ ጂም ውስጥም ክብደት አያስነሳም። ጉዳት እንዳይደርስ አስቀድሞ የሚሠራ፣ ሲደርስ እዚያው ሜዳ ላይ የሚመረምርና አስቸኳይ እርዳታ የሚሰጥ፣ ከዚያም ስፖርተኛው ወደ ውድድር እስኪመለስ ድረስ ማገገሚያውን የሚመራ፣ በዚህ ሁሉ ከሐኪም ጋር ተቀናጅቶ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነው። የሙያው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 በካንሳስ ሲቲ ተመሠረተ፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከጤና ሙያዎች እንደ አንዱ የቆጠረው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሥራው በስፖርት ሜዳ ብቻ አይወሰንም፤ በጦር ሠራዊት፣ በፋብሪካና በውዝዋዜ ቡድኖች ውስጥም ይሠራሉ።

ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ ከትርጉም ይልቅ አንድ ምሽት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ የቡፋሎ ቢልስ ተከላካይ ዳማር ሃምሊን ከግጭት በኋላ ተነሥቶ ከቆመ በኋላ ወዲያው ወደ ኋላው ወደቀ፤ ልቡ ቆሞ ነበር። ደረቱን መጫን የጀመረው የቡድኑ ረዳት አትሌቲክ ትሬይነር ዴኒ ኬሊንግተን ነው። ሃምሊን ተርፎ በዚያው ዓመት ወደ ጨዋታ ተመልሷል። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያና ደረቱን የሚጫንለት ሰው ካላገኘ፣ በያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ ከከተማ ተጠርቶ መንዝ አቀበት እስኪወጣ ድረስ ይህ ሒሳብ ወዴት እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ይቁጠረው።

በአገራችን ግን «አትሌቲክ ትሬይነር» በሚል ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ምርጫው ያንኑ ሥራ በየትኛው በር ገብቶ መሥራት ይቻላል የሚል ነው።

## መለኪያዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚከብደው መለኪያ ፈቃድ ነው። የታመመን ሰው መርምሮ ማከም በሕግ የሚቻለው በጤና ሙያ ተመርቆ፣ ምዘናውን አልፎና የሙያ ፈቃድ አውጥቶ ነው። ክለብ የሚሰጠው ደብዳቤም ሆነ መታወቂያ ይህን ፈቃድ አይተካም። ተጫዋቹ ቢሻለው ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ እግሩ ቢበላሽ ግን ቤተሰቡም ፖሊሱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ጉዳቱ በሚደርስበት ቅጽበት ባለሙያው የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ከሜዳው ዳር ቆሞ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጦ ከሳምንት በኋላ የሚያየው ከሆነ ሌላ ነው። ሦስተኛው የሚፈጀው ዓመትና ገንዘብ ሲሆን፣ ተማሪው ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አራተኛውን ወጣቶች ይረሱታል፤ ወላጆች ግን ሁልጊዜ ያስታውሱታል። ክለቡ ቢበተን፣ ስፖንሰሩ ቢወጣ፣ ልጁ በምን ይበላል? የክለብ በጀት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ብቻ ነው፤ የሰው ዕድሜ ግን ከዚያ ይረዝማል።

## ፊዚዮቴራፒ

ከአትሌቲክ ትሬይኒንግ ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነው ሙያ ይህ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምረዋል፤ ትምህርቱ ከአራት ዓመት አያንስም። ተማሪው የአጥንት፣ የጅማት፣ የጡንቻና የነርቭ አሠራርን፣ የእንቅስቃሴ ምርመራን፣ የማገገሚያ ልምምድ አሰጣጥን በሰፊው ይማራል፤ ሲመረቅም የጤና ባለሙያ ነው። በፈቃድ መለኪያ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ጉዳቱ ትንሽ በሚመስልበት ጊዜ ይህ ትምህርት ምን እንደሚለውጥ በአንድ ታካሚ ላሳይ። የ17 ዓመት ሯጭ ናት፤ ቅልጥሟን ካመማት አምስት ሳምንት ሆኗታል። በእነዚህ ሳምንታት አንድ የቡድኑ «ወጌሻ» በየማታው በሙቅ ቅባት ሲያሻት ቆይቷል። በሁለተኛው ሳምንት የተነሣችው ራጅ ንጹሕ ስለነበር «አጥንትሽ ደኅና ነው፣ ሩጪ» ተብላለች። ሕመሙ የት እንደሆነ ስጠይቃት መዳፏን ዘርግታ ቅልጥሟን በሙሉ አሳየችኝ። የቅልጥሟን ውስጠኛ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ በአንድ ጣት ወደ ላይ እየተጫንኩ ስሄድ ምንም አላለችም፤ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ስደርስ ግን የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። በዚያው እግሯ ብቻ እንድትዘል ስጠይቃት አንዴ ሞክራ አቆመች። የጡንቻ ሕመም ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ በሩጫ ብዛት የተሰነጠቀ አጥንት ግን በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ ላይ ነው የሚያመው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በተለመደው ራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ያንን ቦታ ማታ ማታ ማሸትና ጠዋት ጠዋት መሮጥ ስንጥቁን ወደ ሙሉ ስብራት ሊወስደው ይችል ነበር።

ቀጥሎ የጠየቅኳት ስለ ምግቧና ስለ ወር አበባዋ ነበር። የወር አበባዋ ከቆመ ወራት አልፈው ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ከምታቃጥለው ያነሰ የምትመገብ ሯጭ የወር አበባዋ ሊቆም፣ አጥንቷም ሊሳሳ እንደሚችል በስፖርት ሕክምና የታወቀ ነው፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ለዚህ ችግር የራሱን ስያሜ ሰጥቶ ያስተምራል። ለእኔ የነገረችኝ ነርሷ አጠገቤ ስለነበረች ይመስለኛል። የሴት ልጆች ቡድኖች በዞናችን እየበዙ በሄዱበት በዚህ ጊዜ ሴት ባለሙያ መሆን ራሱን የቻለ ብልጫ አለው፤ ሴት ተማሪዎች ይህን ሲመዝኑ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይቆጥሩት።

የፊዚዮቴራፒ ድክመት በሁለተኛው መለኪያ ላይ ይታያል። ትምህርቱ በአብዛኛው በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ ያተኮረ ነው፤ በምት የተሽመደመዱ፣ ከስብራት የሚያገግሙና ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ይበዙበታል። ሜዳ ላይ ራሱን የሳተን ተጫዋች ማንሣት፣ አንገቱ የተጎዳን በቃሬዛ ማውጣት፣ አንጎሉ የተናወጠን ተጫዋች ለይቶ በዕለቱ ወደ ጨዋታ እንዳይመለስ መከልከል በተግባር የሚለመድ ነው፤ ተመራቂው የአስቸኳይ እርዳታ ስልጠና ጨምሮ መውሰድ ይኖርበታል። ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። ጎንደር ለመንዝ ልጅ ሩቅ ናት፤ የመንገዱም ሁኔታ በየጊዜው የሚለዋወጥ በመሆኑ ቤተሰብ ከትራንስፖርት ወጪው በላይ የሚያስበው ነገር አለ።

በአራተኛው መለኪያ ግን እንደገና ይመራል። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ፣ የቢራና የልብስ ፋብሪካዎች ያሉባት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተባት ከተማ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሠራተኛ ወገብና ትከሻ ከአጥቂ ጉልበት ባልተናነሰ ባለሙያ ይፈልጋል። ክለብ ቢበተን እንኳ ክሊኒኩ ሰው አያጣም።

## ስፖርት ሳይንስ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገሪቱ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይገኛል፤ ቅርብ ነው፣ ዓመቱም አይበዛም። የሰውነት እንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂን፣ የስልጠና ዘዴን፣ የስፖርት አስተዳደርን ያስተምራል። ተማሪዎችን የሚያሳስተው ከኮርሶቹ መካከል ስለ ስፖርት ጉዳትና ስለ መጀመሪያ እርዳታ የሚያወሱ መኖራቸው ነው፤ ኮርስ መውሰድና ለማከም መፈቀድ ግን ለየቅል ናቸው። የስፖርት ሳይንስ ተመራቂ አሰልጣኝ፣ መምህር፣ የአካል ብቃት ባለሙያ ነው፤ የሕክምና ፈቃድ አያገኝም።

የማውቀው አንድ ወጣት ፋሻና መርፌ ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ሦስተኛ ዓመት ደረሰ፤ ያልመጣ መሆኑን የተረዳው የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ሲመርጥ ነው። ዛሬ ጎበዝ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆኗል። እኔ ስፖርት ሳይንስን አላናንቅም፤ እንዲያውም ጉዳትን በመከላከል ረገድ ከፊዚዮቴራፒስት የበለጠ ዕድል ያለው አሰልጣኙ ነው። ፊፋ ለእግር ኳስ ተጫዋቾች ያዘጋጀው 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የማሟሟቂያ ልምምድ ጉዳትን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል፤ ልምምዱን በየቀኑ ማሠራት የሚችለው ፊሽካውን የያዘው ሰው ነው። ማከም ለሚፈልግ ግን በሩ ይህ አይደለም።

## ነርሲንግና ጤና መኮንንነት

ብዙ ሰው የማይጠብቀው፣ እኔ ግን ለብዙ ቤተሰቦች የምመክረው መንገድ ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ በከተማው ውስጥ ነው። ነርሲንግ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል አንሥቶ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ የሥራ መደቡ የታወቀ ነው።

የሜዳው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የሚጠይቀው እውቀት አብዛኛው ነርስ የሚያውቀው ነው። ደረት መጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መሆኑን ያውቃል፤ ደም ማቆም፣ የተሰበረን አጥንት ሳያንቀሳቅሱ ማሰር፣ የአተነፋፈስ መንገድ መክፈት ያውቃል። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች በስንተኛው ሳምንት ምን ዓይነት ልምምድ እንደሚጀምር፣ መቼ በሙሉ ጉልበቱ መሮጥ እንደሚፈቀድለት የሚወስነው የማገገሚያ እውቀት በነርሲንግ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ሰፊ ቦታ የለውም።

ነርስ በቶሎ ሊማረው የሚችል አንድ ጠቃሚ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። እግሩ ወለም ያለው ተጫዋች ራጅ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ለመለየት የካናዳ ሐኪሞች ያወጡት፣ በኦታዋ ከተማ ስም የሚጠራ ቀላል ደንብ አለ። በቁርጭምጭሚቱ ውስጥና ውጭ ጎን ጎላ ብለው የሚታዩትን ሁለት አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸው በኩል ከጫፋቸው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ አጥንቱን መጫን ነው፤ ካመመው፣ ወይም ከጉዳቱ በኋላ ወዲያውም፣ ሲመረመርም በሁለቱም ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣ። የመሐል እግር አጥንትን በተመለከተም ተመሳሳይ ደንብ አለ። ይህን የሚያውቅ ነርስ ከአንኮበር ቁልቁለት ላይ ሆኖ የትኛውን ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚልክና የትኛውን በፋሻና በበረዶ እንደሚያሳድር ያለ ጭንቀት ይወስናል። በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደለም።

ጤና መኮንንነትም በዚሁ ሚዛን ይታያል፤ የምርመራ እውቀቱ ይሰፋል፣ ለሜዳ የሚተርፈው ጊዜ ግን ያንሳል።

## ሕክምና

ሐኪም ሆኖ በአጥንት ቀዶ ሕክምና መሰልጠን ከሁሉ ሰፊውን ሥልጣን ይሰጣል፤ ከ12ኛ ክፍል እስከ ልዩ ሐኪምነት አሥር ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ውጤቱ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐኪሙ የሚውለው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንጂ በሜዳ ዳር አይደለም። ሜዳውን የሚወድ ልጅ ይህን መንገድ ለሜዳው ብሎ ባይመርጠው ይሻላል።

## ወደ ውጭ ሄዶ አትሌቲክ ትሬይኒንግ መማር

ሙያውን በስሙ የሚፈልግ ሰው አሜሪካ መሄድ ይኖርበታል። ቀድሞ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጥ ነበር፤ አሁን መግቢያው ማስተርስ ነው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞቹም ከእ.ኤ.አ. 2022 በኋላ አዲስ ተማሪ አይቀበሉም። ስለዚህ አመልካቹ አስቀድሞ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ የሰውነት አቋምና አሠራር ያካተተ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ከዚያ ብሔራዊው የሰርተፊኬት ፈተና፣ ከዚያም የግዛቱ ፈቃድ። ትምህርት ቤቱ የሙያው እውቅና ሰጪ አካል ያጸደቀው ካልሆነ ተመራቂው ለፈተናው አይቀመጥም፤ ከማመልከት በፊት ይህን ማጣራት ግድ ነው። በካናዳና በአየርላንድ ተመሳሳዩ ሙያ አትሌቲክ ቴራፒ ይባላል።

ለቤተሰብ ኪስ ይህ ከሁሉ ውድ አማራጭ ነው፤ ሙሉ ስኮላርሽፕ ከሌለ ብዙም አልመክረውም። ተመልሶ ለሚመጣም የሥራ መደብ በስሙ ስለማይጠብቀው ስንቅ ያስፈልገዋል። ፊዚዮቴራፒ ወይም ነርሲንግ ተምሮ፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ከዚያ በስኮላርሽፕ የሄደ ሰው ግን ሲመለስ የሚሠራበት የአገር ቤት ፈቃድ ስላለው ወደ ባዶ ቤት አይመለስም።

## ባህላዊ ወጌሻነትና የማሳጅ ስልጠና

ይህን የምጽፈው በአክብሮት ነው፤ አያቴ ራሳቸው ትከሻ ይመልሱ ነበር። በብዙ ቀበሌዎች ሰው ከሆስፒታል አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ የእጃቸው ብልሃትም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ነገር ግን ራጅ የላቸውም፤ ስብራትና ወለምታ አንድ ላይ ሲመጡ መለየት ይቸግራቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ደም መመላለሱን አጥቶ እግሩ የሞተ፣ በመጨረሻም የተቆረጠ ልጅ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ የታወቀ ታሪክ ነው። የታሰረ እጅ ወይም እግር ያለው ልጅ ጥፍሩን ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ የነጣው ቀለም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹም ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው አሁኑኑ ይላላ፣ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

የማሳጅ አጭር ስልጠናም አለ። ከውድድር በኋላ የደከመ እግር ማሸት ጥሩ ሥራ ነው፤ ሆኖም በሰርተፊኬት ምርመራ መጀመር አይቻልም። ሌላም አደጋ አለ። ስፖርተኛ የሚወስደው መድኃኒት በፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ይገዛል፤ ለምሳሌ ኮርቲዞን መሰል መርፌዎች ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በውድድር ወቅት በየትኛውም የሰውነት ክፍል ቢሰጡ የተከለከሉ ናቸው። «ሕመም ማስታገሻ ነው» ተብሎ ከፋርማሲ ጀርባ የተወጋ መርፌ የሯጭን ዓመታት ሊያቃጥል ይችላል።

## ሁሉም በአንድ ገበታ

| መንገድ | የማከም ፈቃድ | ጊዜ | በደብረ ብርሃን | በሜዳ ላይ ያለው ጥንካሬ | ክለብ ቢበተን |
|---|---|---|---|---|---|
| ፊዚዮቴራፒ | አለው | ከ4 ዓመት አያንስም | ጎንደር ድረስ መሄድ ይጠይቃል | ማገገሚያው ጠንካራ፣ አስቸኳዩ መታከል አለበት | ሆስፒታልና ክሊኒክ |
| ስፖርት ሳይንስ | የለውም | አጭር | አለ | መከላከልና ማሠልጠን | መምህርነት፣ ጂም |
| ነርሲንግ | አለው | 4 ዓመት | አለ | አስቸኳዩ ጠንካራ፣ ማገገሚያው ደካማ | በየጤና ተቋሙ |
| ሕክምናና ልዩ ሐኪምነት | ሙሉ | 10 ዓመት ገደማና በላይ | ጠቅላላ ሕክምናው አለ | ከሜዳ የራቀ | አያሳስብም |
| አትሌቲክ ትሬይኒንግ በአሜሪካ | በዚያው አገር | ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ 2 ዓመት ገደማ | የለም | ከሁሉ የተሟላ | የአገር ቤት ፈቃድ ካለ ብቻ |
| ባህላዊ ወጌሻነት፣ ማሳጅ | የለውም | ወራት ወይም የዕድሜ ልክ | አለ | ማሸት፣ ማጽናናት | አይታወቅም |

## ለማን የትኛው

ገና የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ፊዚዮቴራፒ፣ ነርሲንግና ሕክምና የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን የሚጠይቁ መሆናቸውን ነው። 11ኛ ክፍል ሲገባ ጓደኞቹን ተከትሎ ማኅበራዊ ሳይንስ ከመረጠ፣ ከላይ ያለው ገበታ ለእሱ ግማሹ ተዘግቷል።

ውጤቱ ጥሩ የሆነ፣ ከቤት ርቆ ለመማር ቤተሰቡ የሚፈቅድለት፣ የተጎዳን ሰው ለወራት እየተከታተለ ማዳን የሚያስደስተው ተማሪ ፊዚዮቴራፒን ያስቀድም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር በወጪ መጋራት ስለሚገባ ቤተሰቡ የሚያወጣው በአብዛኛው ለመንገድና ለኪስ ነው። ሲመረቅ የመጀመሪያ ደመወዙን ቀንሶ የአስቸኳይ እርዳታ ስልጠና ይውሰድ።

እናቱን ትቶ መራቅ የማይችል፣ ወይም ታናናሾቹን የሚረዳ ልጅ ነርሲንግን በደብረ ብርሃን ይማር፤ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ቡድን ጋር ይሥራ። ነርስ የሜዳ ዳር ቦርሳ ቢይዝ ለቡድኑ ትልቅ ዕድል ነው። በተለይ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ቡድን ይህን ይፈልጋል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሚገኝ ብርድ አገር የሠለጠነ ሯጭ ጣርማ በርን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ ወርዶ በቀትር ሲወዳደር፣ ሰውነቱ ግሎ ግራ ተጋብቶ ሊወድቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው አምቡላንሱ ሳይሆን ውኃው ነው። በገንዳ ወይም በበርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከአንገቱ በታች ነክሮ ወዲያውኑ ማቀዝቀዝ፣ ከተቻለ በ30 ደቂቃ ውስጥ የውስጥ ሙቀቱን ወደ 39 ዲግሪ ማውረድ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል መውሰድ። ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ለሽልማቱ ዋንጫ ሲገዙ አንድ ገንዳም ቢገዙ ደግ ነበር።

አሰልጣኝነት የሚያምረው፣ ፊሽካና የሰዓት መቁጠሪያ በሕልሙ የሚያይ ልጅ ያለ ጥርጥር ስፖርት ሳይንስ ይግባ፤ ማከሙን ግን ለሌላ ይተው። የሻምበል አበበ ቢቂላን ነገር ለተማሪዎች የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። በሸዋ ጃቶ የተወለደው ይህ ሯጭ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ ግን የታመመ እግሩን ይዞ ጀምሮ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። በሁለቱም ጊዜ ያሠለጠነውና ያከመው ሰው አንድ አልነበረም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ገንዘብም የሌለው ወጣት ደግሞ ከጤና ጣቢያ ወይም ከቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ወስዶ በአካባቢው ቡድን ውስጥ ቃሬዛ ይያዝ፤ «አከምኩ» ሳይሆን «ደገፍኩ» ይበል። ቦርሳው ውስጥ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ፣ ንጹሕ ጎዝ፣ ጓንት፣ መቀስና በረዶ የሚያዝበት ፌስታል ይኑር። መርፌና ክኒን አይኑር።

የመሐል ሜዳው ልጅ ሁለቱንም እንዲያይ ነገርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳ ዳር ተቀምጦ የተጎዳን ሰው ማን እንደሚያነሣው እንዲያይ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እኔ ዘንድ መጥቶ ያው ሰው በምን ዓይነት ልምምድ እንደሚድን እንዲያይ። ሰኞ በሰዓቱ መጣ፤ ከአንዲት የጉልበት ታካሚ ጋር ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዲት እንቅስቃሴ ስትደጋግም ቆጠረላት። ሲጨርስ «ጋሼ፣ ይኼ ሥራ ትዕግሥት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም» አለኝና፣ ቅጹ ላይ ፊዚዮቴራፒን አንደኛ፣ ነርሲንግን ሁለተኛ አድርጎ ሞላ።